መቶ ግራም ግድግዳ

ሌሞ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክራም ፈትሁዲን

የጌታ ሰላም ድሬዳዋ ድረስ ይምጣልሽ። እኛ ደህና ነን። ጆሮዬ ግን ያው ነው፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ማሽን በሠላሳ ዓመት የወሰደውን ማንም አይመልስልኝም። ስለዚህ በስልክ አትድከሚ። ባለፈው ደውለሽ የጮኽሽውን ሁሉ ጎረቤት ሰምቶ ነው ለእኔ የነገረኝ።

ለመዋዕለ ሕፃናቱ ምርቃት አልመጣሽም ብዬ የጻፍኩብሽን ይቅር በይኝ። ንድፉን የሠራሽው አንቺ፣ ጭቃውን ያስረገጥኩት እኔ ሆነን፣ ሪባኑ ሲቆረጥ ብቻዬን መቆሜ ከፍቶኝ ነው። ምን ይዞሽ ቀረሽ የሚለውን ግን አሁንም እጠይቃለሁ።

አሁን ጥያቄዎችሽን ከላይ ወደ ታች ልመልስ። ቃጫው ምን ያህል እየተቆረጠ ጭቃው ውስጥ ገባ ላልሽው፣ አንድ ስንዝር ነው። ካጠረ አይዝም፣ ከረዘመ ረጋጩ እግር ላይ ይጠመጠማል። ጭድ ብቻ ለምን አልበቃም ላልሽው ደግሞ፣ በልጅነቴ ዳምቦያ ሙያ ስማር አንድ ያረጀ ቤት አፍርሰን ነበር። ጭዱ ዱቄት ሆኗል፤ የእንሰቱ ቃጫ ግን ትናንት የገባ ነበር የሚመስለው። ጭቃው ሦስት ሳምንት ቦክቷል። መብቃቱን በምን አወቁ ላልሽኝ፣ በጠረኑ ነው። ይህን በወረቀት ላስረዳሽ አልችልም።

አፈር የወጣበት ጉድጓድ ምን ሆነ የሚለው የአካባቢ ጥበቃ ቅጽ አስቆኛል። አርባ ዓመት ቤት ስሠራ ስለ ጉድጓድ የጠየቀኝ ሰው የለም። አሥራ አራት እግር እንሰት ተክለንበታል፤ እንደዚያው ብለሽ ሙይላቸው።

እንዳዘዝሽኝ ከምዕራቡ ግድግዳ በውስጥ በኩል፣ ጉልበቴ ከሚደርስበት ላይ አፈር ፍቄ አወጣሁ። ቅመም ሻጯ ማራኪ በትንሿ ሚዛኗ መቶ ግራም መዘነችልኝ፤ መጥበሻ ላይ አድርቄ ስመልሰው ሰማንያ ሁለት ሆነ። ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ፎቶ ላክ ላልሽኝ የልጄ ስልክ ካሜራው ተሰንጥቋል። ስልክ ያላት የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ዓለሚቱም ለክረምት ኮርስ ዱራሜ ሄዳለች።

አጵሎስ


ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሽ አጵሎስ

እንዴት ከረሙልኝ? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? ምን ይዞሽ ቀረሽ ላሉኝ፣ መዋሸት ሰለቸኝና እውነቱን ልጻፍ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስላልተሳካልኝ ሐኪሟ ከአልጋ አትውረጂ ብላኛለች። ለእርስዎ ያልነገርኩት፣ እስኪጸና ለሰው አይወራም ተብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ቀኑን ሙሉ የማየው የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ነው። ብሎኬት ነው፤ የድሬዳዋን ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ሲመሽ መልሶ ይተፋብኛል። እንግዲህ እዚህ ተጋድሜ የእናንተን ግድግዳ ባስብ አይፍረዱብኝ።

ቀደም ባለው ደብዳቤዎ ሲሚንቶ ምን በደለሽ ብለው ጠይቀውኛል። ምንም አልበደለኝም። ያደግኩት አባቴ ሱቅ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። ሚስማር ሊገዙ ሲመጡ፣ ሚስማር ለምን ራስ ኖረው እያልኩ የማስቸግርዎት እዚያው ላይ ሆኜ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሲሚንቶ የሚሠራው ድንጋይ በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ ነው። ነዳጁ ብዙ ነው፣ ጭሱም ለሁላችንም ይተርፋል። ከዚያ ከሩቅ በመኪና ይመጣል። የናንተ አፈር ግን ከግቢው ወጣ፤ አንድ ቀን ቢፈርስም እዚያው ግቢ ይመለሳል። ጭቃ የሚበቃበት ቦታ ጭቃ ይሁን ነው የምለው፤ ሌላ የለኝም።

ይህን እያልኩ ነው አራት ዓመት ቢሮ ለቢሮ የተመላለስኩት። ደንቡ ጭቃን ጊዜያዊ ብሎ ስለሚቆጥረው የግንባታ ፈቃድ ቢሮው ኢንጂነር ሀብተሚካኤል የሰጡን የሙከራ ፈቃድ ብቻ ነው። ጥቅምት 20 ኮሚቴ ይዘው መጥተው ይመዝናሉ። መቶ ግራሙ ደርቆ ዘጠና አራት ካልሞላ ቤቱ ይፈርሳል፣ ልጆቹም ወደዚያ ወደ ቆርቆሮው ዳስ ይመለሳሉ። እኔም ከእንግዲህ ጭቃ ብዬ ቢሮ ብገባ የሚያዳምጠኝ አይኖርም። ስለዚህ ሰማንያ ሁለትዎ መጥፎ ነው፤ በጣም መጥፎ።

ግን ለምን? ታዛው አንድ ሜትር ወጥቷል። ከታች የድንጋይ መሠረት አለው። ውሃው በየት ገባ? የጎርፍ መውረጃው ተደፍኖ ይሆን? ከመሬት ወደ ላይ እየሳበ ይሆን? ከመሠረቱ አጠገብ አንድ ክንድ ቆፍረው ይዩልኝ። ከራስዎ ቁመት በላይም አንድ አፈር ያውጡና ያስመዝኑ።

ልጅዎ ኢክራም


ሌሞ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክራም

ደብዳቤሽን ደጅ ላይ ቆሜ አነበብኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ ይህን ይዘሽ ነው እኔ የሪባን ወሬ ስጽፍልሽ የከረምኩት። አፈርኩ። በጸሎታችን አለሽ፤ እኛ ቤት እየተጸለየ እናንተ ቤት ዱአ ሲደረግ አንዱ ጋ መሰማቱ አይቀርም።

ቆፈርኩ። የጎርፍ መውረጃው ንጹሕ ነው፣ ከመሠረቱ አጠገብ ያለው አፈርም በእጄ ስጨብጠው ይበተናል። ከመሬት የሚመጣ አይደለም። ከራሴ በላይ ያወጣሁት አፈር ሰማንያ ሦስት፣ ከታች የወጣው ሰማንያ አንድ መዘነ። ማራኪ ተናዳለች። ሰው በርበሬና ኮረሪማ ያስመዝናል፣ አንተ በየሳምንቱ ግድግዳ ይዘህ ትመጣለህ፣ ደንበኞቼ ምን ይላሉ አለችኝ። ይህን የሰማሁት ከከንፈሯ ነው፤ ሰው ሲቆጣ ከንፈሩ በደንብ ይነበባል።

ከፊተኛው ደብዳቤሽ ሳልመልስልሽ የቀሩ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ዝናብ ሲዘንብ ልጆቹ መምህሯን ይሰሟታል ወይ ብለሻል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ አይቼዋለሁ። በድሮው ዳስ ዝናብ ሲመጣ ዓለሚቱ ማስተማሩን ትታ ልጆቹን ታስተኛቸው ነበር። አሁን ከቀርከሃው ኮርኒስ በላይ የሞላነው ደረቅ የእንሰት ቅጠል የቆርቆሮውን ጩኸት ይውጠዋል። ውጪ እየወረደ እሷ ተረት ታወራለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ። ለእኔ ሁለቱም ዝምታ ነው፤ ሲስቁ ግን ጥርሳቸውን አይቻለሁ።

የውጪው ልስን እንዴት ነው ላልሽው፣ ደህና ነው። አንቺ አሁን ስለ ግድግዳ አታስቢ። ብዪ፣ ተኚ። አባትሽ ሰላም ናቸው፤ ባለፈው ጁምዓ ሆሳዕና ወርጄ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አግኝቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅጹ ላይ «ሕንፃው ስንት ዓመት እንዲያገለግል ታስቧል» ይላል። ምን ብዬ ልሙላ? ቤት ሰው እስከኖረበት ድረስ ይኖራል እንጂ ቀን ይቆረጥለታል እንዴ?

አጵሎስ


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ አጵሎስ

ለጸሎትዎ አመሰግናለሁ። ሆዴ እየገፋ ነው፤ ልጁም ይራገጣል። ባለቤቴ ጭቃ ረጋጭ ነው የምትወልጂው ይላል።

የዕድሜውን ነገር «ታዛው እስከታደሰለት ድረስ» ብለው ይሙሉት። እውነቱም እሱ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ከታች ብቻ ቢረጥብ መሬት ነው እል ነበር። ከላይ ብቻ ቢረጥብ ጣሪያው ያፈሳል እል ነበር። እርስዎ ከላይም ከታችም እኩል ነው አሉኝ። ሌሊትም ቀንም አስቤበታለሁ፤ ወረቀት ላይ ሥዬዋለሁ፤ እኩል የሚረጥብ ግድግዳ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የማውቀው። እሱም ውሃ የገባበት ሳይሆን ውሃው መውጫ ያጣበት ነው። የጭቃ ጡቡ ሲገነባ የያዘው እርጥበት እዚያው ታፍኖ ቀርቷል። ማን አፈነው?

ጋሽ አጵሎስ፣ ፎቶ ብዬ ካሜራው ተሰንጥቋል ተባልኩ። የውጪው ልስን ብዬ ደህና ነው ተባልኩ። ለአባቴ ስደውል «ቤቱ አምሯል፣ አንቺ እንዴት ነሽ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ለነፍሰ ጡር ክፉ ወሬ አይነገርም የሚለውን ልማድ እኔም አውቀዋለሁ፤ በዚህ ከሆነ የምትሸሽጉኝ፣ አለማወቁ ይበልጥ እየጎዳኝ መሆኑን ይወቁልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ወደ ምዕራቡ ግድግዳ በውጪ በኩል ይሂዱና በአውራ ጣትዎ ጥፍር ይጫሩት። ጥፍርዎ ውስጥ ምን ቀረ? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

ኢክራም


ሌሞ፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክራም

እንኳን አደረሰሽ።

ጫርኩት። ምንም አልቀረም። ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ ግድግዳው አልተነካም። ሲሚንቶ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ምርቃቱ ሳምንት ሲቀረው፣ ሁለት የፈረስ ጋሪ ግቢ ገባ። ከኋላ አባትሽ በእግራቸው ይመጣሉ። ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ለቤቱ ስጦታ ነው አሉኝ። ወረቀት አውጥተው «የልጄ ስም ያለበት ቤት ጭቃ ሆኖ እንግዳ ፊት አይቆምም» ብለው ጻፉልኝ። አንቺ ንድፉ ላይ በጭቃ ይለሰን ማለትሽን ነገርኳቸው። ብዙ ተናገሩ። አንዳንዱን ሰማሁ፣ አንዳንዱን ጆሮዬ አልሰማም ብዬ አለፍኩት። ጆሮዬን መሸሸጊያ ሳደርገው ያ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ግን በአባትሽ ብቻ አላሳብብም። እሳቸው ነጋዴ ናቸው፤ የሚያውቁትን ነው የሰጡት። ጭቃ የማውቀው እኔ ነኝ። ጡቡ ገና እንዳልደረቀም በእጄ ዳስሼ አውቅ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ቤት ሠራሁ። የሠራሁለት ሰው ሁሉ ትንሽ ሲያገኝ ያንን አፍርሶ ብሎኬት ያቆማል፣ «ከጭቃ ቤት ወጣሁ» ብሎም ይደግሳል። እኔም ተጠርቼ እበላለሁ። አባትሽ ሲሚንቶውን ሲያስወርዱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እኔ የሠራሁት ቤት ሰው ፊት ያብረቅርቅ ብዬ ተመኘሁ። በእጄ ለሰንኩት። ሲያልቅ ባንክ መሰለ። ሰው እየመጣ ጨበጠኝ። ደስ አለኝ፤ ይኸው ነው።

ከዚያ አንቺ መዝን አልሽኝ፣ ቁጥሩ ሳይወርድ ሳይወጣ ቀረ። ነሐሴ ላይ ገብቶኛል። ነፍሰ ጡር ነሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ እፍረቴ ነው።

ጥቅምት 20 ሊደርስ ነው። ቤቱን በገዛ እጄ ገደልኩት ወይ? የሚድን ከሆነ ንገሪኝ።

አጵሎስ


ድሬዳዋ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ አጵሎስ

እንኳን አብሮ አደረሰን። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አንብቤ አጠፍኩትና ሁለት ቀን አልነካሁትም። ተናድጄ ነበር፤ በእርስዎም በአባቴም። በሦስተኛው ቀን ንድፉን አስመጥቼ አየሁት። የውጪው ግድግዳ አጠገብ «በጭቃ ይለሰን» ይላል። ለምን የሚል ግን የለም። አራት ዓመት ለኮሚቴ ሁሉ ሳብራራ፣ እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ለእርስዎ አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ ለአባቴ ደግሞ እንዲያው አይገባውም ብዬ ተውኩት። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

ስለዚህ አሁን ልጻፍ፤ እባክዎ ይህን ክፍል ለአባቴም ያስነብቡልኝ። አባዬ፣ ጭቃ ይተነፍሳል። ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይመልሳል። ሲሚንቶ ሲለብስ ግን ላስቲክ ለብሶ ሲሮጥ እንደዋለ ሰው በገዛ ላቡ ይርሳል። ያንተ ሲሚንቶ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቦታው ሌላ ነው። ስጦታህ የገባኝ ነው፤ እንግዳ ፊት እንዳላፍር ብለህ ነው። እኔ ግን በዚያ ግድግዳ አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ አጵሎስ፣ ቤቱን አልገደሉትም። ሲሚንቶው ይነሣ። ከላይ ወደ ታች፣ በትንሽ መሮ፣ በቀስታ። ጡቡን እንዳይቦረቡረው በኃይል አይመታ። ከተነሣ በኋላ ራቁቱን ይተዉት፤ ምንም አይቀቡት። አስቀያሚ ይሆናል፣ ይሁን። እስኪደርቅ ይጠብቁና በእበትና በጭቃ ይለስኑታል። በየሳምንቱ ይመዝኑ። በአንድ ወር ዘጠና አራት ይደርሳል ብዬ ቃል መግባት አልችልም። ሲሚንቶ ለብሶ የከረመ ጭቃ በስንት ቀን እንደሚደርቅ የትም አላነበብኩም። እርስዎ ያውቃሉ?

ኢክራም


ሌሞ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክራም

በስንት ቀን እንደሚደርቅ አላውቅም ነበር። ደግሞ ማን ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከእኛ በፊት የሠራ ሰው አልሰማሁም።

ደብዳቤሽን ይዤ ሆሳዕና ወረድኩ። አባትሽ ሱቁ ውስጥ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የኔ ነው ልላቸው አልቻልኩም። በማግስቱ በጠዋት ከራሳቸው ሱቅ መሮና መዶሻ ይዘው ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። የመጀመሪያውን የመቱት እሳቸው ናቸው። እጃቸው አልለመደም፤ ጣታቸውን መቱ። መዶሻውን ልቀበል ብል እምቢ አሉ። አምስት ቀን ፈጀብን። ከሥሩ የወጣው ጡብ ጥቁር ነበር፤ እጅሽን ስታሳርፊበት ይቀዘቅዛል።

ቁጥሩ ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ አምስት እያለ ወጣ። ኢንጂነር ሀብተሚካኤል ከሦስት ሰው ጋር ሲመጡ ሰማንያ ሰባት ላይ ነበርን። ግድግዳው ቆዳው የተገፈፈ በሬ ይመስላል። ዞሩት። በራሳቸው ሚዛን መዘኑ፤ ሰማንያ ሰባት። አንገታቸውን ነቀነቁ። ጆሮዬን ስለሚያውቁ ወረቀት አውጥተው ጻፉልኝ፦ «ይህን ሲሚንቶ ማን አስለሰነው?»

እስክሪብቶዬን ሳወጣ አባትሽ ቀደሙኝ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው «ፈትሁዲን» ብለው ጻፉ። እኔም ተቀብዬ ከሥሩ «አጵሎስ» ብዬ ጻፍኩ። ኢንጂነሩ ሁለቱን ስም አዩ። ከዚያ ለምን ነቀላችሁት ብለው ጠየቁ። አባትሽ ያንን ደብዳቤ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው። አራቱም ተራ በተራ አነበቡት። ስለዚህ ለእኛ ብለሽ የጻፍሽው አሁን ኮሚቴው ሁሉ ጋ ደርሷል።

ውሳኔው ይህ ነው፦ እስከ ታኅሣሥ 20 ይጠበቃል። በየሳምንቱ እየተመዘነ ይላክላቸዋል። ያን ቀን ዘጠና አራት ካልሞላ ይፈርሳል፤ ሌላ ቀጠሮ የለም። ሲሄዱ ኢንጂነሩ ቅጻቸው ኅዳግ ላይ በእጃቸው አንድ ነገር ጨመሩ፤ አጮልቄ አየሁት። «የውጪው ልስን ከምንድን ነው?» ይላል።

የመመዘኑን ሥራ አባትሽ ወስደዋል። ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ በቀጥታ ይመጣሉ። ማራኪ ከግድግዳችን ተገላገለች። አንቺስ? ቀንሽ እየቀረበ ነው፤ ወሬሽን ላኪብን።

አጵሎስ


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክራም

አሰላሙ አለይኩም። አልሃምዱሊላህ እኔ ደህና ነኝ። ይህን ወረቀት የምታመጣልሽ እናትሽ ናት፤ ገንፎ አስበልታ እስክታነሳሽ እዚያው ትቆያለች። እኔ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። የሽያጭ ፋክቱር ነው የምጽፈው። ከተሳሳትኩ አርሚው።

ልጅሽ ስትወለድ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ መዘነች ብለውኛል። ለአጵሎስ ነገርኩት፤ አልቅሷል። ያለቀሱት አባትሽ ናቸው ብሎ ቢጽፍልሽ አትመኚው።

ግድግዳውን ትናንት ጁምዓ መዘንኩት። አንድ ጊዜ አላመንኩም፤ ሁለተኛ ከሌላ ቦታ አውጥቼ መዘንኩ። ሁለቱም ዘጠና አምስት ነው። ኢንጂነሩ ዛሬ ጠዋት ራሳቸው መጥተው አረጋገጡ። ቤቱ አይፈርስም። ከሰኞ ጀምሮ አጵሎስ በእበትና በጭቃ ይለስናል፤ እኔም እረግጣለሁ ብያለሁ።

ሱቄ ደንበኛ ሲመጣ አሁን ግድግዳህ ከምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ጭቃ ካለኝ ሲሚንቶ አልሸጥለትም። ልጁ ነው ያሳበደው ይሉኛል አሉ፤ ሴት ልጅ መሆንሽን እነግራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሚንቶ ስሸጥ ለምን እንደሚጠነክር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አንቺ ትንሽ ሆነሽ ከረጢቱ ላይ ተቀምጠሽ ስትጠይቂኝ፣ ሥራ ይዣለሁ ዝም በይ እልሽ ነበር። አሁን ከእያንዳንዱ መቶ ግራም አሥራ ሦስት ግራም ውሃ ሲወጣ አይቻለሁ። ግድግዳውን ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ ቀዳዳ የለውም። ውሃው በየት ነው የወጣው?

በስልክ አትንገሪኝ። ጻፊልኝ፤ ኪሴ ውስጥ ይኑር።

አባትሽ ፈትሁዲን